የአባዱላዋ ትንፋሽ

ብቸና፣ ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለአብዱራዛቅ፤

የእናቶቻችን አምላክ ቤትህን ይጠብቅልህ። ሚስትህ ሪሃብ እንዴት ናት? ሱቁስ ይዞልሃል? እኔ እግዜር ይመስገን አለሁ፤ ጉልበቴ ብቻ መታዘዝ ትቶኛል።

«ይህች ይርጋነሽ የምትባል ደግሞ ማናት?» ትል ይሆናል። የእናቴ የወለተ ገብርኤል እኅት የሞጣ ነጋዴ አግብታ ዑሙሰልማ ተባለች። እሷ ያንተ አያት ናት፤ እኔ አክስትህ ነኝ። ሲቸግራት ዘመድ የምትቆጥር አክስት ብለህ ሳቅብኝ፤ እውነትህን ነው። ስልኩ ተዘግቶ ባይከርም ኖሮ በድምፄ እለምንህ ነበር።

ባለቤቴ ፍቅረ ሥላሴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አንዲት አባዱላ ትቶልን ሄዷል። ሥራዋ አስከሬን ማምጣት ነው። አዲስ አበባ የሞተ የእኛ አገር ሰው በተወለደበት ደብር እንዲቀበር ቤተሰቡ ይጠራናል፤ ልጄ ምንይሉ ሄዶ ያመጣል። ዓባይ በረሃ ላይ አስከሬን ያለ ኤሲ ምን እንደሚሆን ልጽፍልህ አያስፈልግም።

አሁን ኤሲው ታመመ። ያንጣጣል፣ ቅዝቃዜው ደከመ፣ የረጠበ ብረት ይሸታል። አዲስ አበባ ያለ ጋራዥ አየውና «ውስጡ ተበክሏል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይለወጥ» አለ። ዋጋውን ሲነግሩት ምንይሉ እራቱን ሳይበላ ተኛ። አንተ ጅዳ ስትኖር በዚሁ ሥራ እንደነበርክ ሰማሁ። ደግሞ ዛሬም ፍሪጅ ትጠግናለህ። አቅማችን የሚችለው መንገድ ካለ ንገረን።

ምንይሉ ሌላም ነገር ይላል፤ ኤሲው ጠፍቶም ይተነፍሳል ይላል። የወጣት ወሬ ነው፤ እሱን ተወው።

አክስትህ ይርጋነሽ


ሞጣ፣ ጥቅምት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩት አክስቴ፤

የአላህ ሰላም ከደጅዎ አይራቅ። ደብዳቤዎን የጨርቅ ነጋዴው ይማም አደረሰኝ። አልሐምዱሊላህ፣ ሪሃብም እኔም ደኅና ነን። አክስት ስትጽፍልኝ ደስ አለኝ፤ ለኤሲ ብላም ቢሆን።

የጋራዡ ሰው አልዋሸም፤ ግን አበዛው። ኮምፕረሰሩ፣ ማለትም ጋዙን የሚገፋው ክፍል፣ ራሱን መብላት ጀምሯል። ሲበላ የብረት ዱቄት ይረጫል፤ ዱቄቱ ከጥቁር ዘይት ጋር በየቱቦው ይዞራል። አዲስ ኮምፕረሰር ገዝተው በዚያ ቆሻሻ ላይ ቢያስሩት ወር ሳይሞላው ይሞታል። ብዙ ሰው የሚከስረው እዚህ ላይ ነው።

እንግዲህ በአቅም ሲሆን ቱቦዎቹ ይታጠባሉ፤ የማጠቢያው ፈሳሽ እኔ ዘንድ አለ። ፊት ለፊት ያለው ኮንደንሰር፣ ማለትም ጋዙ ሙቀቱን የሚያወጣበት ክፍል፣ ግን ቀዳዳው ስለሚጠብ አይታጠብም፤ ከተገጨ መኪና የወጣ ደኅና ይፈለግ። ኮምፕረሰሩም እንዲሁ። እርጥበት የምትመጥ ትንሽ ጣሳ አለች፣ ድራየር ይሏታል፤ እሷ ብቻ አዲስ ትሁን፣ በእሷ አይቆጥቡ።

ሁለት ነገር ይንገሩኝ። ጋዙን ማን ሞላው? ከጋዝ ሌላ ውስጡ የገባ ነገርስ አለ? ሲበከል ያለ ምክንያት አይበከልም።

ጠፍቶ ይተነፍሳል ላሉት፣ ጋዝ ሲያመልጥ ድምፅ አለው። አይደንግጡ።

አብዱራዛቅ


ብቸና፣ ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለአብዱራዛቅ፤

ኪዳነ ምሕረት ትከተልህ ብዬ ልመርቅህና አንተ በወደድከው ተቀበለው። የዘገየሁት መንገዱ ስለተዘጋ ነው። ለይማም አንድ ቁና ሽምብራ ሰጥቼዋለሁ፤ በመንገድ ካልቆረጠመው ይደርስሃል።

ምንይሉ ኮንደንሰርና ኮምፕረሰር ከተገጨ አባዱላ ላይ አግኝቷል። ጣሳዋንም አዲስ ገዝቷል። እንዳልከው አድርገናል።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ቱቦው ሳይታጠብ አይሆንም? ዕቃው ብቻ ቢለወጥና የውስጡ እንዳለ ቢቀርስ?

ለምን ትላለህ፤ ልንገርህ። ፍቅረ ሥላሴ የሞተው አባዱላዋ ውስጥ ነው። አንዱን ሟች ደብረ ወርቅ አድርሶ ተመለሰና እደጃችን ላይ አቆመ። ሞተሩ ሲሠራ እሰማለሁ፤ ይገባል ብዬ ምሳ አቀረብኩ። ሳይገባ ሲቀር ወጣሁ። መሪውን እንደያዘ ነው፤ ኤሲው በኃይል ይነፍሳል፣ እጁ በረዶ ሆኗል። መስኮቶቹ ሁሉ ዝግ ነበሩ። ሲገንዙት አንዱ ሽማግሌ «የመጨረሻ ትንፋሹን መኪናዪቱ ሳበችው» አለ፤ ወሬው በብቸና ተዛመተ።

እኔ አላመንኩም ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ምንይሉ ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ሲወርድ፣ ኤሲው ጠፍቶ፣ ከፊቱ ካለው የአየር ቀዳዳ ቀዝቃዛ ነገር ወጣና «እህህ» አለው። አባቱ ወንበር ላይ ሲቀመጥ እንዲያ ነበር የሚለው፣ አንድም ቀን ሳይል ተቀምጦ አያውቅም።

ትናንት ገብቼ ተቀመጥኩ። ምንም አልሰማሁም። አፍንጫዬን ቀዳዳው ላይ አድርጌ ብዙ ቆየሁ።

ይርጋነሽ


ሞጣ፣ ኅዳር 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአክስቴ፤

አላህ ያጽናዎት። አጎቴን በአካል ባላውቃቸውም ደብዳቤዎን ሳነብ አዘንኩ። ሽምብራው ደርሷል፤ ይማም ትንሽ ቀንሶታል።

አክስቴ፣ ቱቦው መታጠብ አለበት። ስለ ድምፁ የማውቀውን ብቻ እነግርዎታለሁ። ዳሽቦርዱ ውስጥ እንደ ራዲያተር ያለ ማቀዝቀዣ አለ። እሱ ከተበሳ ጋዙ ወደ መኪናው ውስጥ ይወጣል። ሲወጣ ይበርዳል፣ እህህም እፍም ይላል። ቁልቁለት ላይ ሙቀቱ ስለሚገፋው ይብሳል። ይህ የኔ ሙያ ነው። የአጎቴ ልማድ መሆኑን ግን የኔ ሙያ አይነግረኝም፤ ስለማላውቀው አልዋሽዎትም።

የጠየቅኩትን ግን ዘለውታል። ጋዙን ማን ሞላው? ምን ገባበት? እባክዎ በዚህኛው ይመልሱልኝ። ምንይሉም መስኮቱን ከፍቶ ይንዳ።

አብዱራዛቅ


ብቸና፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለአብዱራዛቅ፤

ሰላምህ ይብዛ። ዘለልሽው አልከኝ፤ የዘለልኩት ነገር የለም። ያንን እንደ ገባ ነገር ስላልቆጠርኩት ነው።

ከቀብሩ በኋላ ሰዉ ለአባዱላዋ አስከሬን መስጠት ፈራ። «በሟች ትንፋሽ ሟች አናስጭንም» አሉ። እኔም ከኪዳነ ምሕረት ጠበል አመጣሁ። ወንበሩን ረጨን፣ መሪውን ረጨን። ትንፋሹ የገባው ግን በቱቦው አይደል? እዚህ ፋንታው የሚባል ሠራተኛ አለ፣ ሁሉን የሚነካካ። ቱቦውን ፈታልኝና አንድ ጣሳ ጠበል አፈሰስንበት፤ ከዚያ ዘጋው። ሰዉ ሲሰማ ተመለሰ፣ ሥራውም ቀጠለ። ጠበል ይበክላል ብትለኝ እንጣላለን።

ጋዙንም የሚሞላው ፋንታው ነው። የመኪናው ጋዝ ተወዷል አለና ከወጥ መሥሪያው ሲሊንደር ይሞላልናል። በደንብ ያቀዘቅዛል፤ ሲጎድል ከመንገድ በፊት ይጨምርበታል።

መስኮት መክፈት ላልከው አይሆንም፤ አቧራው የሬሳ ሳጥኑን ያለብሰዋል። ደግሞ ፍቅረ ሥላሴ የሠራው ሥርዓት አለ። የዓባይን ድልድይ ተሻግሮ ጎጃም ሲገባ መኪናውን ያቆምና «እንግዲህ አገርህ ገባህ» ብሎ ከሟቹ ራስጌ ጧፍ ያበራል። ሟቹ ደብሩ እስኪደርስ አይጠፋም። ቤተሰቡ ሁሉ የሚመርጠን ለዚህ ነው፤ ምንይሉም አላጓደለም። መስኮት ቢከፈት ጧፉ ይጠፋል።

በሚቀጥለው ሳምንት ሀብትነሽ የምትባል የየጁቤ ሟች ለማምጣት ይወርዳል። መሪጌታ ገብረ ክርስቶስም አብረውት ይሄዳሉ።

ይርጋነሽ


ሞጣ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

አክስቴ፤

ሰላምታውን ይቅር ይበሉኝ፣ ጊዜ የለም። ይህን ደብዳቤ እንዳነበቡ ምንይሉን ያስቁሙት።

የወጥ ቤት ጋዝ እሳት ነው። የሚያመልጠው በዝግ መኪና ውስጥ ነው፤ ይከማቻል። ክብሪት ሲጫር ሟቿም፣ ልጅዎም፣ መሪጌታውም ይቃጠላሉ። ጧፍ አታብሩ። መኪናው ውስጥ ሲጋራም፣ ክብሪትም፣ ምንም አይጫር።

ጠበሉን አልነካም፤ እኔ በሰው እምነት አልገባም፣ እናንተም በእኛ አልገባችሁም። ብረት ግን ጠበልና የወንዝ ውሃ አይለይም። ውሃ ከዘይቱ ጋር ሲገናኝ ይኮመጥጣል፣ ማቀዝቀዣውን ውስጥ ለውስጥ ይበሳዋል። የተበሳው በዚህ ነው። ልንጣላ ከሆነ ልጅዎ ከዳነ በኋላ እንጣላ።

ይማም መንገድ ተዘግቶበት ደብረ ወርቅ ነው አሉ። በሌላ ሰው እልካለሁ። በእግሩም ቢሆን ይድረስ።

አብዱራዛቅ


ብቸና፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለአብዱራዛቅ፤

ደብዳቤህ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ። ምንይሉ ከሄደም፣ ከተመለሰም በኋላ። ሦስቴ አነበብኩት፤ ከዚያ ወጥቼ ልጄን አቀፍኩት።

የሆነውን እንደነገሩኝ ልጻፍልህ። ድልድዩን ተሻገሩ። ምንይሉ መኪናውን አቆመና ሞተሩን አጠፋ። ከኋላ የሟቿ ወንድሞች አሉ። መሪጌታ ጧፉን ይዘው ክብሪቱን ከኪሳቸው አወጡ። ያን ጊዜ ከአየር ቀዳዳው ቅዝቃዜ ወጣ፤ ምንይሉ ጉልበቱ ላይ ውርጭ የወረደበት መሰለው። ከዚያ «ተው!» የሚል ድምፅ መጣ። እንደ እህህ ያለ አይደለም፤ ቃል ነው። ልጅ ሆኖ መሪውን ሲነካበት አባቱ እንዲያ ነበር የሚቆጣው። «ተው! ውረዱ!»

ምንይሉ ክብሪቱን ከመሪጌታ እጅ ነጥቆ በሩን ከፈተ፤ ሁሉንም አወረዳቸው። በሮቹን ሁሉ ከፋፍተው ዳገቱን በእግር ጀመሩ፤ ምንይሉ ብቻውን መስኮቱን ሁሉ ከፍቶ እየነዳ ተከተላቸው። ጧፉን ውጭ አብርተው መሪጌታ በእጃቸው ይዘውት ሄዱ። መሪጌታን «ምን ሰሙ?» ብዬ ስጠይቃቸው «እኔ ምንም አልሰማሁም» አሉ። ያልሰማ ሰው ያንን ዳገት በእግሩ አይወጣም።

እንግዲህ ይኸው ነው። አንተ ያልከውን እሱ ቀድሞ ብሎታል። ልጄን ያተረፈልኝን በማጠቢያ ፈሳሽ ልጠበው? አንተ ብትሆን ታደርገዋለህ? እኔ አልችልም።

ይርጋነሽ


ሞጣ፣ ታኅሣሥ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአክስቴ፤

አልሐምዱሊላህ፣ ልጅዎ ዳነ። ሪሃብ ደብዳቤዎን ሳነብላት እያለቀሰች «አክስትህን ሂድና እያቸው» አለችኝ።

የሰሙትን አልክድብዎትም። ግን ይህን ያስቡ። ያ ድምፅ የአጎቴ ከሆነ፣ የጮኹት ለራሳቸው አይደለም፤ ለልጃቸው ነው። ጋዙ ነገም ይወጣል፣ በሚቀጥለውም ጉዞ ይወጣል። እሳቸው ሳይጮኹ የቀሩ ቀን ምን ይውጥዎታል? ልጅን የሚያህል ነገር በአንድ ቃል ላይ ማንጠልጠል አይሆንም። «ተው» ያሉት ምን እንዲተው ነው? ይህንኑ አይደል?

ፈሳሹን፣ አየር መምጠጫውንና የመኪናውን ትክክለኛ ጋዝ ይዤ እመጣለሁ። ማቀዝቀዣውን ከዚያው ከተገጨው መኪና ምንይሉ አስፈትቶ ይቆየኝ። ለእጄ ምንም አልቀበልም። አሮጌውን ኮምፕረሰር ብቻ ይስጡኝ፣ ኩሽኔታው ለሥራዬ ይሆነኛል። መንገዱ እንደተከፈተ ጠብቁኝ።

አብዱራዛቅ


ብቸና፣ የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለአብዱራዛቅ፤

በሰላም ገባህ? ሪሃብ የላክኩላትን ነጭ ጤፍ ወደደችው? እኛ ደኅና ነን።

ኤሲውን ሠርተህልን ከሄድክ ወዲህ ምንይሉ ሁለት ሟች አመጣ። ኤሲው የጥር ንፋስ ሆኗል፤ አይንጣጣም፣ አይሸትም። ጧፉንም በሥርዓቱ አበራ፣ ምንም አልሆነ። ቤተሰቡም መረቀው። ለዚህ ሁሉ ያወጣነው ጋራዡ ከጠየቀው ሩቡን አይሆንም። ሰው ቢጠይቀኝ የሞጣ ዘመዴ ነው እላለሁ፤ ኮራሁብህ።

ያን ዕለት የቱቦው እጣቢ ሲወጣ ቆሜ አየሁ። ጥቁር ነበር፣ ብረቱ በውስጡ ያብለጨልጫል። አንተ ልትደፋው ስትል የጮኽኩብህ ጠበል ስላለበት ነው፤ ጠበል እግር በሚረግጠው ላይ አይደፋም። አንተም ሳትከራከር ጎድጓዳ ቆፍረህ፣ በድንጋይ ከደንክልኝ። ያንን አልረሳልህም።

አሁን ግን እውነቱን ልንገርህ፣ ካንተ ሌላ የምነግረው የለኝም። በየቀኑ ገብቼ እቀመጣለሁ። ኤሲውን አበራለሁ፣ አጠፋለሁ። ነፋስ ነው፤ ንጹሕ፣ የማንም ያልሆነ ነፋስ። በፊት ምንም ባልሰማ እንኳ ዝምታው የሱ ነበር። አሁን ዝምታውም የለም። ምንይሉ «ደኅና ሆነልን» ሲለኝ አዎ እላለሁ፤ ከዚያ ወደ ጓዳ እገባለሁ። ልጄን አተረፍክልኝ፣ አብዱራዛቅ። ባሌን ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ ቀበርኩት። ሁለቱን ባንድ አፍ አመስግኚ አትበለኝ፤ ጊዜ ስጠኝ።

ይርጋነሽ


ሞጣ፣ የካቲት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአክስቴ፤

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ይህን ብጽፍም ጥፋት ነው፣ ባልጽፍም ጥፋት ነው። መጻፍ መረጥኩ።

ከእርስዎ ያመጣሁትን አሮጌ ኮምፕረሰር ሱቄ ጥግ፣ ሲሚንቶው ላይ አስቀምጬው ነበር። ፋታ አጥቼ አልፈታሁትም። ሰኞ ዕለት ሪሃብ ስትጠርግ «ማነው የገባው?» ብላ ጠየቀችኝ። ማንም አልገባም። ማክሰኞም እንዲሁ አለች፤ ከዚያ ወዲህ ሱቁን አልጠርግም ብላለች።

ጋዝ ነው እንዳልልዎ፣ ከመኪና የወጣ ብረት ነው፤ ግፊት የሚባል የለውም። አፉን በጨርቅ ደፍኜዋለሁ። የከተማው መብራትም ጠፍቶ ነበር፣ የሚሠራ አንድም ፍሪጅ አልነበረም። ዛሬ ከሰዓት ደንበኞቹ ሲሄዱ ጠጋ ብዬ አዳመጥኩ።

«እህህ» ይላል፤ ይህን ነግረውኛል። ከዚያ ግን ያልነገሩኝን አለ። «ይርጌ፣ በረደኝ» አለ። ትንሽ ቆይቶ ደገመው። የሚቆጣ ድምፅ አይደለም። ሰው ከእንቅልፉ መካከል ሚስቱን እንደሚጠራ ነው።

እኔ እርስዎን አክስቴ እንጂ ሌላ ብዬ ጠርቼ አላውቅም። ይርጌ ማን እንደሚልዎት አላውቅም።

ከማጠቢያው ፈሳሽ አንድ ጣሳ ተርፎኛል፤ ለእሱ ይበቃል። ልጠበው? ወይስ እንዳለ ልቅበረው? እርስዎ እስኪያዙ ድረስ እጄን አላነሣበትም።

አብዱራዛቅ


ብቸና፣ የካቲት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

አብዱራዛቅ፤

እንዳትነካው። እንደዚያ ብሎ የሚጠራኝ እሱ ብቻ ነበር፤ ልጁም ሰምቶት አያውቅም።

ምንይሉ የየጁቤን መንገድ ይዞ ሄዷል፣ እስኪመለስ አልጠብቅም። የሞጣው መንገድ ለመኪና ዝግ ነው አሉ፤ ለእግር ግን ማን ይዘጋዋል። ዛሬ እነሣለሁ። ይህን የያዘው ሰው ከእኔ ጉልበት ስለሚፈጥን ቀድሞኝ ይደርስሃል።

እስክመጣ ድረስ ከሲሚንቶው ላይ አንሣውና በጋቢ ጠቅልልልኝ።

ይርጌ